የሆመቾ ቤታችን በባቡሩ ልክ

ውድ ወንድሜ አጵሎስ፣ የጌታ ሰላም ካለህበት ይድረስህ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

የላክኸው ትንሹ ባቡር ደርሶናል፤ ተባረክ። አባባ ተኝተው እንዲያዩት ሀዲዱን አልጋቸው አጠገብ ዘረጋሁት። ከካርቶን የሠራሁት የሆመቾ ቤታችን ግን ባቡሩን የሚውጥ ሆነ። አባባ አናጢ አይደሉ፣ ሳቁብኝ። «የቤት ልክ የሚታወቀው በበሩ ነው፤ መጀመሪያ ሰው ለኪ» አሉኝ። ባቡሩ ከእውነተኛው ሰማንያ ሰባት ጊዜ ያንሳል ብለኸኝ የለ፤ እሳቸውኑ እንደተኙ በሜትር ለካኋቸው። መቶ ሰባ አራት ሆኑ፤ ሲካፈል ሁለት ሴንቲሜትር መጣ። አሁን ቤቱ ልክ ነው፤ በሩ ላይም የካርቶን አባባ ቀጥ ብለው ቆመዋል። እሳቸውም አይተው «ጥሩ ቁመት ነበረኝ» አሉ።

እንዲያው ለፋሲካ ያልከውን ዕረፍት ወደ ገና ብታመጣው ደስ ይለናል። አምላክ በጤና ያገናኘን።

እህትህ ራሄል፣ ከሆሳዕና