የመምህር ህሩይ ዋሲሁን እንግሊዝኛ እና የቦኬ ኩሬ

መምህር ህሩይ ዋሲሁን ከአባታቸው ከአቶ ዋሲሁን ደምሴ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ማሚቱ ገብሬ፣ ያኔ አሰበ ተፈሪ በምትባለው በዛሬዋ ጭሮ፣ በመስከረም 1949 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው የመንገድ ሥራ ሠራተኛ ስለነበሩ ልጅነታቸው በአውራ ጎዳናው ዳር አለፈ፤ ከአላፊ አግዳሚው ሾፌር አማርኛውንም፣ ኦሮምኛውንም፣ ትንሽ ትንሽ ሶማልኛውንም ለቃቅመው አደጉ። ወ/ሮ ማሚቱ ለጎረቤት ሁሉ፣ የኔ ልጅ የሰማው ቋንቋ አያመልጠውም እያሉ ይኮሩባቸው ነበር።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱባት ከተማ ጨርሰው፣ ሐረር በመምህርነት ሠልጥነው፣ በ1970 ዓ.ም. ቦርደዴ ላይ የእንግሊዝኛ መምህር ሆኑ። ከዚያ ወደ ሂርና፣ ከሂርናም ወደ ጭሮ ተዛውረው በ2009 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡ አስተማሩ። ከትምህርቱ ሁሉ አብልጠው የሚወዱት፣ የእንግሊዝኛ ግሥ ከትንንሽ ቃላት ጋር ሲጣመር ፍቺው የሚገለባበጥበትን ክፍል ነበር። ጊቭ አፕ ተስፋ መቁረጥ፣ ጊቭ ባክ መመለስ፣ ሉክ አፍተር መንከባከብ፤ ሰሌዳው እስኪሞላ ይጽፉና ክፍሉን እንደ ዳዊት ያስደግሙ ነበር። እኛስ ቁጭ አለ፣ ብድግ አለ፣ ዝም አለ እንል የለም ወይ፣ ምን ያስፈራችኋል ይሉ ነበር። ተማሪዎቻቸው “ጋሽ ጌት አፕ” የሚል ቅጽል ስም አወጡላቸው፤ እሳቸውም እንዳልሰማ ሆነው በሆዳቸው ይደሰቱ ነበር።

በ1977 ዓ.ም. ሂርና ላይ ከወ/ሮ ሙሉ አበራ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው እየሩስንና ዮርዳኖስን ወልደዋል። ወ/ሮ ሙሉ በገበታ ላይ እንግሊዝኛ እንዳይነሳ በግልጽ ከልክለው ስለነበር የቤታቸው ሰላም ሳይናጋ ኖሯል። መምህር አፉን በእንግሊዝኛ ከፈታ ሰው ጋር አንድም ቀን ተቀምጠው አውርተውበት እንደማያውቁ ግን ለባለቤታቸውም አልነገሩም።

በ1998 ዓ.ም. የሆነውን እኛ ልጆቻቸው ልንዘለው ፈልገን ነበር፤ አፍረን ነው። እሳቸው ግን በቀብሬ ላይ ሳይዘለል ይነበብ ብለው አስምለውናል፤ እንግዲህ ይነበባል።

በዚያ ዓመት ከቦኬ ወጣ ብላ በምትገኝ ቀበሌ የውጭ አገር ሰዎች የጉድጓድ ውኃ ሲፈልጉ ሰንብተው፣ ውጤቱን ለሕዝቡ የሚያስተረጉምላቸው ሰው ጠፋ። መምህር ህሩይ እያሉ ማን ይፈለጋል ተባለና ተወሰዱ። በገበያ ቀን፣ ሽማግሌው ሁሉ በተቀመጠበት፣ እንግዳው መናገር ጀመረ። ንግግሩ መምህር በሰሌዳ ላይ ሲደረድሯቸው በኖሩት በእነዚያው ግሦችና ትንንሽ ቃላት የተሞላ ነበር። ተያይዘው እንደ ጎርፍ ሲያልፉ ግን አንዱንም መያዝ አቃታቸው። ውኃ ሲል ሰሙ፣ ወር ሲል ሰሙ፤ ሌላው አለፋቸው። ይደገምልኝ ማለት ይችሉ ነበር። ያን ሁሉ ትውልድ ያስተማረ ሰው በሽማግሌ ፊት አልገባኝም ይበል? ይሉኝታ ያዛቸውና ከልባቸው የሚመኙትን ተናገሩ፤ ውኃው በጥቂት ወራት ውስጥ ይወጣል አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እንግዳውም ግራ ገብቶት አብሮ አጨበጨበ።

ለካ እንግዳው የተናገረው መሬቱ ደረቅ ሆኖ ስለተገኘ መሣሪያቸውን ነቅለው እንደሚሄዱ ነበር። የዚያ ቀበሌ ሰው በየዓመቱ ዝናብ ሳይገባ የጋራ ኩሬውን ደለል ወርዶ ይጠርጋል። በዚያ ዓመት ግን ጉድጓድ ሊቆፈርልን ምን አደከመን ብሎ ተወው። ዝናቡ ሲመጣ በደለል የሞላው ኩሬ ውኃ አልቋጠረም፤ በጋውን ሴቶቹ ጀሪካን በአህያ ጭነው ግማሽ ቀን እየሄዱ ገፉት። መምህር ይህን የሰሙት ከዚያው ቀበሌ መጥታ ጭሮ ከምትማረው ከሹክሪያ ነው። ለምን ከትምህርት እንደቀረች ሲቆጧት፣ እናቷ ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ ታናናሾቿን የምትጠብቅ እሷ መሆኗን ነገረቻቸው፤ ፈረንጆቹ ዋሽተውን ነው ብላ ጨመረችላቸው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው በወደዱ።

ከዚያ ወዲያ ዝም አሉ። ከቦኬ የሚመጣ መኪና ሲያዩ መንገድ ይሻገራሉ፣ የዚያ አገር ሰው ሰላም ሲላቸው አንገታቸውን ይደፋሉ። በእሳቸው ጥፋት ሌላው ሲሰደብ መስማቱ ከሁሉ የከፋባቸው ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እንዲሉ፣ ሌት ተቀን እያመማቸው አራት ዓመት ቆዩ።

በ2002 ዓ.ም. ለማንም ሳይነግሩ በሚኒባስ ተሳፍረው ቦኬ ወረዱ፤ የኩሬውን ሥራ ወደሚመሩት ወደ ኦቦ ጂብሪል ሄደው በሽማግሌዎች ፊት ቆሙ። “ያን ቀን ሰውዬው ያለው አልገባኝም ነበር። አልገባኝም ማለት አፍሬ ዋሸኋችሁ” አሉ። ኦቦ ጂብሪል “መምህር፣ እኛስ መቼ እንግሊዝኛ ገባን? አልገባኝም ብትለን ኖሮ አንድ ላይ እንጠይቅ ነበር” አሏቸው። መምህር እስከ ዕለተ ሞታቸው ይህችን ቃል ሲያነሱ እንባቸው ይመጣ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ነገር ፈረዱባቸው። አንደኛው፣ የተናገሩት ገበያ መሀል ስለነበር እውነቱንም እዚያው ገበያ መሀል ቆመው እንዲናገሩ ነው፤ ላብ እያጠመቃቸው ተናገሩ። ሁለተኛው፣ ደለል በሚጠረግበት ጊዜ አካፋቸውን ይዘው እንዲመጡ ነው። ለአንድ ዓመት ነበር የተፈረደባቸው፤ እሳቸው ግን ጉልበት እስኪከዳቸው በየዓመቱ ወረዱ። የቀበሌው ልጆች ኩሬው ዳር ከበዋቸው፣ ወደ ጭቃው ሲገቡ ጌት ኢን፣ ሲወጡ ጌት አውት፣ አካፋውን ሲያስቀምጡ ፑት ዳውን እያሉ ይስቁባቸው ነበር። መምህርም፣ ሰሌዳ ላይ አስደግሜ ያላስያዝኩት ጭቃ ውስጥ ተያዘ ይሉ ነበር። ጭሮ ሲመለሱም ለአዲስ ተማሪ የሚያስጠኑት የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር “አልገባኝም፣ እባክዎ ይድገሙልኝ” የሚለው ሆነ።

በ2016 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ጠናባቸው። ወጣቱ ሐኪም ሕመሙን እንግሊዝኛ እየቀላቀለ ሲያስረዳ እኛ የገባን መስለን ራሳችንን ስንነቀንቅ፣ እሳቸው ከአልጋቸው ቀና ብለው፣ ልጄ አልገባኝም፣ ድገምልኝ አሉት። ደገመላቸው፤ የቀራቸው ጊዜ አጭር መሆኑን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። በሕክምናና በጸሎት ሲረዱ ቆይተው ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና ቁጥር የሌላቸውን ተማሪዎቻቸውን ትተው አልፈዋል።

ሲናዘዙ ከቦኬ ለሚመጡ ሰዎች ከቤተሰቡ ፊት ቦታ እንዲሰጥ፣ የመጀመሪያውንም አፈር ኦቦ ጂብሪል በዚያው በኩሬው አካፋ እንዲያለብሷቸው አደራ ብለዋል። ኦቦ ጂብሪል አካፋውን ይዘው በመካከላችን ቆመዋል።

አስተርጓሚ የማያሻው፣ የተናገርነውንም ያፈርንበትንም የሚሰማ አምላክ የመምህር ህሩይን ነፍስ ይቀበል። አሜን።