ንብ ስለ ገባበት ጓሮዬና ስለ ታሰረው ባለቤቴ

ላሊበላ፣ ኅዳር 1974 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ፈንታው
የቀበሌያችን ሊቀ መንበር

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡር ጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እያልሁ፣ የአብዮት ጥበቃው ጓድ ታፈረም የፊቱ እብጠት ጎድሎለት ሁለቱም ዓይኖቹ ተገልጠውለት እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔና ሕፃኑ፣ ባለቤቴን የሻውን ካሰሩብን ወዲህ፣ እንቅልፍና የሚላስ የሚቀመስ ከማጣታችን በቀር ደኅና ነን። ይህን ደብዳቤ በቢሮዎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ፤ ደጅዎ በቆምሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነዎት ስለምባል ነው። መጻፍ ያስተማረኝም የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነውና፣ ፊደል ባስቆጠሩኝ ጊዜ ይህን አስበው እንደ ሆነ ባላውቅም፣ ላስቆጠሩኝ ሁሉ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ቆሞ ለሚያነብ መንገደኛ ነገሩ እንዲህ ነው። በጥቅምት ወር ልጃችን ክርስትና በተነሣበት ቀን፣ እንግዶቻችን ጓሮ ተቀምጠው ሳለ፣ የንብ መንጋ እየተመመ መጥቶ ወይራው ላይ ከተሰቀለው ባዶ ቀፎ ገባ። ጎረቤታችን እማሆይ ወለተ ሐና፣ ንብ ሕፃን ካለበት ሲሰፍር የንግሥና ምልክት ነው የሚለው የአገራችን የጥንት ወግ ትዝ ቢላቸው፣ «እሰይ! ይሄስ ልጅ ንብ ያወቀው ነው» ብለው እልል አሉ፤ ሴቶቹም ተቀበሏቸው። እልልታው ከቢሮዎ ስለ ደረሰ፣ ገና እንግዳው ሳይበተን የሻው «ንጉሥ ሊያነግሥ አሲሯል» ተብሎ ተወሰደ። እንግዲህ አቤቱታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ነገሠ የተባለው ልጄ ገና አንገቱን አላጸናም፤ ዘውድ ቢደፉበት ከነዘውዱ ይወድቃል። ግዛቱ አንቀልባዬ ነው። ያስገበረውም ጡቴን ብቻ ሲሆን፣ እሱም በድንጋጤ እየነጠፈ ስለ ሆነ፣ አብዮቱን ከዚህ ጠላት ለመጠበቅ ዘብ መጨመር ያስፈልግዎታል ብዬ አላምንም።

ሁለተኛ፣ የሻው ሲጠየቅ «ቀፎውን አጥኜ የሰቀልሁት እኔ ነኝ» ማለቱ፣ «አጥኖና ቀድሶ ዙፋን አዘጋጅቷል» ተብሎ እንደ ተጻፈበት ሰምቻለሁ። የሻው እውነት መናገር የማይጎዳ የሚመስለው ሰው ነው፤ እኔም ያገባሁት ስለዚህ ነበር። ጓድ ሊቀ መንበር፣ ባዶ ቀፎ መዓዛው ደስ በሚል እንጨት ካልታጠነ ንብ ዞር ብሎ እንደማያየው ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። አባትዎ ብልባላ ላይ በየመስከረሙ ቀፎ ያጥኑ እንደ ነበር አገር ያውቃል፤ ማንን ሊያነግሡ ነው ብሎ የጠየቃቸው ግን አልነበረም።

ሦስተኛ፣ ቀፎው ለማስረጃ ይፈለጋል ተብሎ መወሰዱን አልቃወምም። ነገር ግን ጓድ ታፈረ የሚያጨስ ነገር ሳይዝ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቀፎውን እንደ ሙክት ትከሻው ላይ ጭኖ ስለ ሄደ የደረሰበት ጉዳት በባለቤቴ ክስ ላይ መጨመሩ ገርሞኛል። የሻው በዚያ ሰዓት በእናንተው ቤት ታስሮ ነበር። እርግጥ ነው፣ ከእስር ቤት ሆኖ ንብ ማዘዝ የሚችል ሰው ከሆነ መፍራትዎ አይፈረድብዎትም።

አራተኛውን በቁጥር ጀመርሁት እንጂ እንዴት እንደምጨርሰው አላውቅም። ሐሙስ ወደ አውራጃው ይላካል አሉኝ። ባለፈው ዓመት ወደዚያ ከተላኩት ሰዎች ለሚስቶቻቸው የመጣላቸው ልብሳቸው ብቻ ነው። ጓድ ፈንታው፣ እዚህ ላይ ትሕትናው አለቀብኝ። ፈርቻለሁ። ገብሱ ደርሶ የሚያጭደው አጥቶ ውርጭ ላይ ቆሟል፤ ልጁ ሌሊት ሲያለቅስ አባቱ የሚያባብልበትን ዜማ እኔ አላውቀውም። ቀፎውንም፣ ማሩንም፣ ወይራውንም ይውሰዱ። ካስፈለገ ልጄ ዳግመኛ በንብ ደጅ እንዳያልፍ እፈርማለሁ። ሰውዬውን ብቻ ይመልሱልኝ።

ላሳዩን ፍጹም ንቃት፣ በአራስ ቤት ሳይቀር ጠላት ለሚያገኘው ዓይንዎ፣ ደጅ ስጠናም ውሃ እንኳ ላልነፈገኝ የጓሮዎ ጉድጓድ ከመሬት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ኢትዮጵያ ትቅደም፤ የሻውም ከኋላዋ ተከትሎ ከቤቱ ይግባ።

የታሳሪው ባለቤት፣ የ«ንጉሡ» እናት
አመተ ሥላሴ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለማስረጃ የተወሰደው ቀፎ ከወንበርዎ በላይ ተሰቅሎ እንዳለ ደጅ ስጠና በመስኮቱ አይቻለሁ። ንቦቹም ተከትለውት ገብተው ትናንት ኮፍያዎ ላይ ሰፍረው ነበር፤ እርስዎ እንቅልፍ ወስዶዎት አላዩም። ከጎኔ የነበሩት እማሆይ ወለተ ሐና ግን አይተው እልል ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ በነጠላዬ ያፈንኋቸው እኔ ነኝ። እስከ ሐሙስ ድረስ ልይዛቸው እችላለሁ።