የክትባት ፍሪጁን ማን ነቀለው?

ነሐሴ 4፣ ጧት 2፡15
ፍሪጁ 13 ዲግሪ። ከ8 ማለፍ የለበትም። ገመዱ ከሶኬቱ ወጥቶ መሬት ላይ ተጋድሟል። መብራት ግን አለ! ሰካሁት። ደብተሬ፣ ከአንተ በቀር ለማንም አልተናገርኩም። እዚያ ውስጥ ያለው የሕፃናት ክትባት ነው፣ ድንች አይደለም።
እዚህ ጤ/ጣቢያ የሚያድር ሰው አንድ ብቻ ነው። ዘበኛው አዴር ሙሴ። አዴር በሶማሊኛ አጎቴ እንደማለት ነው፤ ሁላችንም እንደዚያ እንጠራቸዋለን።

ነሐሴ 5
እንደገና ተነቅሏል። 12 ዲግሪ። ልጠይቃቸው አልኩና ተውኩት። ሌባ ተጠይቆ አመነ ሲባል ሰምተህ ታውቃለህ? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም። ሰክቼ ዝም።
ወረዳው ጤና ጽ/ቤት ደወልኩ። ኃላፊው የግድቡ ውሃ ቀንሶ፣ ኃይል ተቆራርጦ ይሆናል አሉኝ። በነሐሴ! ሬዲዮው ጧት ማታ ግድቦቹ ሞሉ እያለ። እሳቸውም የሚደብቁት ነገር ሳይኖር አይቀርም።

ነሐሴ 7፣ 6 ሰዓት
ከአዴር ሙሴ ጋር በር ላይ ወሬ። ለማጣራት ነው። መብራታችን ከየት እንደሚመጣ ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ከውሃ ነው ይሉኛል፣ እኔ ግን አላምንም አሉ። ስለ ተርባይኑ አስረዳሁ። ውሃው ከላይ ወርዶ ይመታዋል፣ ያሽከረክረዋል፣ አልፎ ይሄዳል። አይቃጠልም፣ ጭስ የለውም፣ ዝናብ ይተካዋል።
መብራት የወጣለት ውሃ ለግመል ጉልበት ይሆናል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።
“ታዲያ ሲስተር፣ ውሃው ካላለቀ መብራቱ ለምን ይሄዳል?”
እኛ የምንጠጣውን ውሃ በአህያ ጋሪ እየገዛን፣ እኔ ለማላውቀው ወንዝ ጥብቅና ቆሜያለሁ። ብቻ ጥያቄያቸው አልጣመኝም። ብዙ የሚጠይቅ ብዙ ይደብቃል።

ነሐሴ 9
አገኘሁት! ጥበቃ ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሞባይል ቻርጅ ላይ። ለአንድ ሽማግሌ ሦስት ስልክ! ሌሊት ሌሊት የሰፈሩን ስልክ ሁሉ በፍሪጁ ሶኬት ነው የሚሞላው። አዴርነቱ ቀረ፣ ሰውዬው ነው። “ለግል ጥቅሙ ፍሪጁን እየነቀለ” ብዬ ጻፍኩ። በእጄ ጽ/ቤት አደረስኩ። እፎይ።

ነሐሴ 11
የፖሊዮው ብልቃጥ ላይ ያለው ምልክት ጠቁሯል። ሙቀት አበላሽቶታል። ጣልኩት። ከሩቁ ከአውበሬ መንገድ ሳይቀር ሕፃን ታቅፈው የመጡ እናቶችን መለስኩ። አንዷ በሶማሊኛ ረገመችኝ። ገብቶኛል።
ንዴቴን ይዤ ወደ ሰውዬው። ለምን ነቀልክ አልኩ። አንተ ብዬ! የአባቴን እኩያ።
ግራ ተጋቡ።
“ሲስተር፣ አንቺ አይደለሽ ያዘዝሽኝ? መብራት ሲሄድ ይንቀሉ፣ እኔ ሳልመጣ እንዳይሰኩ አላልሽም?”
ብያለሁ። ሰኔ ላይ፣ የሄደው መብራት በኃይል ተመልሶ የድሮውን ፍሪጅ ባቃጠለ ማግስት። ከዚያ እስከዚህ ወር ሌሊት መብራት ሳይሄድ ከረመ፣ ረሳሁት። እሳቸው አልረሱም። ሌሊት መብራት ሲሄድ ይነቅላሉ፤ ቢመለስም አይነኩትም። ጧት እየመጣሁ ዝም ብዬ ስሰካ እያዩ ትእዛዜ በደንብ የተፈጸመ መስሏቸዋል። አንድ ቀን እንኳ ደግ አደረጉ አላልሽኝም ብለው ወቀሱኝ። ስልኮቹ የልጆቻቸው ናቸው፣ የሚሞሉትም በክፍላቸው ሶኬት።
አፈርኩ። ስለ ደብዳቤው ትንፍሽ አላልኩም።

ነሐሴ 12፣ ከቀኑ 10 ሰዓት
የጽ/ቤቱ መልስ መጣ። ጄኔሬተር ስንጠይቅ ዓመት የሚፈጅባቸው ሰዎች በሦስት ቀን! ዘበኛው ከነገ ጀምሮ ተሰናብቷል። ደብዳቤውን እንድሰጥ የታዘዝኩት እኔ ነኝ።
ኤንቨሎፑ ጋውን ኪሴ ውስጥ ነው። ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? እሳቸው አማርኛ አያነቡም፤ ማን እንደከሰሳቸው አይደርሱበትም። ይህን ሳስብ ራሴን ጠላሁት። ሳምንቱን ሙሉ ሰው ስጠረጥር ከረምኩ፣ መጠርጠር የነበረብኝን አንዷን ትቼ።
አሁን ሲያልፉ አንገታቸውን ብቅ አድርገው፣ ትናንት ሌሊት መብራት አልሄደም፣ ፍሪጁን አልነቀልኩም አሉኝ። ደስ ብሏቸው።
ኤንቨሎፑን አልሰጣቸውም። ነገ ጧት ጽ/ቤት ነኝ። ያዘዝኩትም፣ የረሳሁትም፣ በሐሰት የከሰስኩትም እኔ ነኝ ብዬ ፈርሜ አስገባለሁ። ሥራዬን ከወሰዱት ይውሰዱት። ከዚያ በፊት ግን ለራሳቸው መንገር አለብኝ። በር ላይ ተቀምጠዋል። አሁን ካልተነሳሁ መቼም አልነሳ።