አንገት ደፊዋ ተማሪ

ይድረስ ለእታለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር የሚያመኝ የለም።

እንግሊዝኛ ትምህርት ገባሁልሽ። ከሰዓት በኋላ ስፌት ቤቱን ዘግቼ ከልጆቼ እኩዮች ጋር ወንበር እሻማለሁ። መምህርቷ ከውጭ የመጣች ልጅ ናት። ስታስተምር ዓይን ዓይኗን ካላየናት ያኮረፍን ይመስላት ነበር፤ እኛ ደግሞ መምህር ፊት አንገት ደፍተን ነው ያደግነው። በኋላ አብሮን የሚማረው ዘበኛ "አክብሮት ነው" ብሎ አስረዳት። ከዚያ ወዲህ ሰሌዳውን አንብቢ ስትለኝ አንገቴን ድፍት አደርጋለሁ፤ እሷም "ባህሏ ነው" ብላ ታልፈኛለች። አስተዳደጌ እንዲህ ይጠቅመኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። በጆሮ በሚመጣው ግን ማንም አይቀድመኝም።

ሥራም ደህና ነው። ጠዋት ጠዋት ጎረቤቴ እየመጣች በመርፌዬ ክር ታስገባልኛለች፤ በዚያው ስንሳሳቅ እናረፍዳለን።

ስትመልሺልኝ ፊደሉን አግዝፊው፤ የአንቺ ጽሕፈት ድሮም የጉንዳን ሰልፍ ነው። ደግሞስ፣ እናታችን ደብዳቤ በእኛ ማስነበብ የጀመረችው በስንት ዓመቷ ነበር? ለጨዋታ ያህል ነው የጠየቅሁሽ።

ለዓይነ ሥጋ ያብቃን፤ ብቻ ቶሎ ያብቃን።

ታናሽሽ፣ ልብስ ሰፊዋ