በነጠላ ተጠቅልሎ ሞጣ የገባው ፎቶግራፍ

ለተወደድሽ ለእህቴ ልጅ ለማርያማዊት፣

ሰላምታዬ ከቢቸና ተነሥቶ የድሬዳዋ ሙቀት ሳያቀልጠው ይድረስሽ። እንደምን ሰነበትሽ? ራስ ምታቱ ተወሽ ወይ? ውኃው ተስማማሽ ወይ? ያች ቁጡ አከራይሽስ እንደምን ናት፣ ዛሬም በጊዜ ካልገባሽ በሩን ትቆልፍብሻለች? እኛ ሁላችን ደህና ነን። እናትሽን አምሳለችን ጉልበቷን ቢያማትም ምላሷ ፍጹም ጤነኛ ነው። እኔም ሬዲዮ መጠገኑን አልተውሁም፤ ሰው ሬዲዮ መስማቱን ተወ እንጂ። ኔትወርኩ እንደ አዲስ ሙሽራ ብቅ ብሎ ስለሚደበቅ ነገሩን በስልክ ልጨርስልሽ አልቻልሁም። ወደ አገሩ ወደ ሐረር የሚሄደው መምህር ሽታሁን ይህን ደብዳቤ ያደርስልሻል። ሲመጣ በደንብ አብዪው፤ መንገድ ላይ የሚበላውን ሁሉ ገና ከመናኸሪያው ሳይወጣ የሚጨርስ ሰው ነው።

የላክሻቸው ሁለት የድሮ ፎቶግራፎች ደርሰውኛል። የምትሠሪበት ፎቶ ቤት ባለቤት ሽማግሌው ካረፉ ወዲህ ጓዳውን ስታጸጂ፣ ሰዎች ተነሥተው ሳይወስዷቸው የቀሩ ፎቶዎች አንድ ካርቶን ሙሉ እንዳገኘሽ ጽፈሽልኛል። የፋብሪካ ሠራተኛው፣ የባቡር ጫኙ፣ ሻይ ሻጯ፣ ሁሉም አሉበት። በመስኮቱ መስታወት ላይ ብትለጥፊያቸው አላፊ አግዳሚው «ይቺማ እናቴ ናት» እያለ ይገባል አልሽ። ከጀርባቸው «ቢቸና» እና «ሞጣ» የሚል የተጻፈባቸውን ሁለቱን ግን «አጎቴ የማታውቀው ሰው የለም» ብለሽ በእኔ ላይ ጣልሻቸው። እኔም ሲያሞግሱኝ አላስችል ስለሚለኝ ተነሣሁ።

መጀመሪያ ያየሁት ሁለቱም ሰዎች አንድ ኮት መልበሳቸውን ነው። ደረቱ ላይ አንድ ቁልፍ የጎደለው ያው ኮት፣ አንደኛውን ጠቦታል፣ ሌላውን ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። ኮቱ የፎቶ ቤቱ መሆኑን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም፤ እኔም ሳልገባ አወቅሁት።

የቢቸናው ሰው ጋሼ ውበቴ ናቸው፣ ባለ ወፍጮው። ድሬዳዋ ሳሉ የጥጥ ፋብሪካው ጸሐፊ እንደነበሩ ሲነግሩን ኖረዋል። በፎቶው ላይ ስልክ ጆሯቸው ላይ ደግነው ቆመዋል፤ ሽቦው ግን ከጠረጴዛው ሥር ተንጠልጥሎ ቀርቷል፣ የትም አይሄድም። ወፍጮ ቤቱ እህል አስፈጪ ሞልቶበት ሳለ ገባሁና «ጋሼ፣ ያኔ ማንን ነበር የሚያነጋግሩ?» አልኋቸው። ፎቶውን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩና «አባትህን። እባክህ ይሄን ልጅ አትውለድ እያልሁት ነበር፣ አልሰማኝም» አሉ። ሴቶቹ ዱቄታቸውን እስኪረሱ ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ጥጥ ተሸካሚ እንደነበሩ ራሳቸው ነገሩኝ። «ሁላችንም ሳምንቱን ጥጥ እንሸከማለን፣ እሑድ ኮት እንለብሳለን። አገር ቤት የሚላከው የእሑዱ ነው» አሉ።

ሁለተኛውን ፎቶ ሳሳያቸው ግን ቀልዱን ተዉት። ስጦታው ወልደ ኪዳን የሚባል የሞጣ ልጅ፣ ዝምተኛ፣ አብሯቸው ይሠራ የነበረ ነው። ሞጣ የቀረች ፈንታነሽ የምትባል ታናሽ እህት እንዳለችው፣ ስሟን ሳያነሣ እንደማይውል ነገሩኝ። እሳቸው ወደ አገር ሲመለሱ እሱ እዚያው ቀረ፤ ከዚያ ወዲያ አያውቁም።

እኔ በጋሼ ውበቴ ነገር ልቤ አብጦ ስለነበር ለእህትየው ጥሩ ስጦታ ላድርግላት አልሁ። ፎቶውን እዚህ ፎቶ ቤት አስተለቅሁት፤ በእጄ የዋንዛ ክፈፍ ሠራሁለት፤ መስታወት አገባሁለት። አውቶቡስ ላይ እንዳይሰበር ብዬ የሥርጉትን ነጭ ነጠላ ጠቀለልሁበት። ሥርጉት ስትሸኘኝ «እባክህ የማታውቀው ሰው ቤት ገብተህ እንደ ልማድህ አትቀላልድ። ፊትህን ሰብሰብ አድርግ» አለችኝ። ሚስቱን የሚሰማ ባል አይጎዳም ይባላል። ተጎዳሁ።

ሞጣ ወዳጄ ገብረ ኪዳን ቤት አደርሁ። እሱም ወይዘሮ ፈንታነሽን እንደሚያውቃት፣ ባልቴት እንደሆነች፣ ገበያ ቅመም እንደምትሸጥ፣ ካልማለድን እንደማናገኛት ነገረኝ። ደግሞም «እንግዳ ስለሆንህ እንዳትደነግጥብህ የነፍስ አባቷን ይዘን እንሂድ» ብሎ ቄስ አካለ ወልድን ጠራ። እስቲ አንቺ ፍረጂ። ጎሕ ሲቀድ ሦስት ወንዶች ጋቢያቸውን ደርበው፣ ቄሱን አስቀድመው፣ አንደኛው በነጭ ነጠላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ፣ ያውም ጨው እንደሌለው ጎመን ፊቱን አጨፍግጎ ሲመጣ ያገራችን ሰው ምን ይላል?

በሩን ከፈተች፣ አየችን፤ ጥቅሉን ሳልፈታው «ወንድሜን!» ብላ ደረቷን መታች። መንደሩ ከተኛበት ተነሣ። ሙስሊሟ ጎረቤቷ አግዳሚ ወንበር ተሸክማ እያለቀሰች ደረሰች። ገብረ ኪዳን «ኧረ መርዶ አይደለም!» እያለ ይጮኻል። አንዲት አሮጊት «መርዶ ነጋሪ መቼ አስቀድሞ ሞተ ይላል! ቀጥሎ ትንሽ አሞታል ይላችኋል» አለች። እኔ ደግሞ እንደ ሞኝ «እትዬ፣ መታመሙንም አልሰማን» ብዬ ብናገር ልቅሶው ባሰ። ባስተባበልን ቁጥር ደመቀ። አንዱ ድንኳን ሊያስመጣ ወደ እድሩ ሰዎች ሮጠ፣ አንዷ ንፍሮ ጣደች። በመጨረሻ ቄስ አካለ ወልድ መስቀላቸውን አውጥተው «በግዝት! ዝም በሉ!» አሉና ጸጥ አለ።

ያኔ ነጠላውን ፈታሁ። ፈንታነሽ ክፈፉን ከእጄ ወስዳ በሩ አጠገብ ወዳለው ብርሃን ሄደች። ብዙ አየችው። «ኮቱን አላውቀውም» አለች፤ ቀጥላም «አውራ ጣቱን ጨብጦታል። ሲፈራ እንዲህ ነበር የሚያደርገው» አለች። እውነትም ጨብጦታል።

ወደ እኔ ዞር ብላ «አለ ወይስ ሞቷል?» አለችኝ። አላውቅም አልኋት። «ፎቶው የመቼ ነው?» አለችኝ። የአብዮቱ ሰሞን ነው አልኋት። «ታዲያ አንተ ሰው፣ ምን ልትነግረኝ መጣህ?» አለችኝ። እኔም የሥርጉትን ነጠላ ማጠፍ ያዝሁ።

ነገሩ ለካ እንዲህ ነው። ዘመዶቿ ለብዙ ዓመት «ተዝካሩን አውጪለትና ይረፍ፣ አንቺም እረፊ» ሲሏት ኖረዋል። እሷ ግን «ማን አረዳኝ? ያልተረዱትን ሰው ማልቀስ ሟርት ነው» ብላ አንዲት እንባ ሳታፈስ ጠበቀችው። እኔ ዘው ብዬ ገብቼ አስለቀስኋት። «በሕይወት ካለ በቁሙ አለቀስሁበት» አለች። ቄስ አካለ ወልድ «የእህት እንባ ሰው ቢገድል ኖሮ፣ ልጄ፣ ከጎጃም ከወጣ ሰው አንድም ባልተረፈ» አሏት፤ ጠበልም ረጯት። ትንሽ መለስ አለች። ንፍሮው ስለበሰለ ቁርስ አደረግነው፤ ድንኳኑንም ከመንገድ አስመለስነው።

ፎቶውን ተቀበለችኝ፣ ክፈፉን ግን አውልቃ መለሰችልኝ። «ክፈፍ የሙት ነው፣ ፎቶው ሳጥኔ ውስጥ ይቀመጣል» አለች። ያን ያህል የለፋሁበት ዋንዛ አሁን እናትሽ ቤት የፊት መስታወት ክፈፍ ሆኗል።

እንግዲህ ሥራው ያንቺ ነው። በፋብሪካው ጡረታ የወጡትን ሰዎች ጠይቂልኝ፤ በአብያተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የሚያውቁት ሽማግሎች ካሉም አነጋግሪ። ካለ፣ ቀንም ይሁን ሌሊት በገብረ ኪዳን ስልክ ደውይ፤ ቁጥሩን ከደብዳቤው ጀርባ ጽፌልሻለሁ። ከሞተ ግን ለእሷ ትንፍሽ እንዳትዪ፣ ለእኔ ብቻ ንገሪኝ። ያን ጊዜ ሄጄ እንደ ወጉ አረዳታለሁ፤ ቁርጡን ሰምታ ትልቀስ። ሁለቱንም ሳታገኚ ብትቀሪም ሳላገኝ ቀረሁ ብለሽ ጻፊ እንጂ ለማጽናናት ብለሽ እንዳትፈጥሪ። ከእኔ የወረስሽውን ጠባይ ስለማውቅ ነው።

ሌላም አለ። ፎቶው እንዴት እንደተገኘ ስትጠይቀኝ የመስኮቱን ነገር አጫወትኋት። «እንግዲያው እኔንም ስቀሉኝ፤ በዚያ ሲያልፍ ይየኝ» አለች። ከቀበሌ መታወቂያ በቀር ፎቶ ተነሥታ የማታውቅ ሴት ያን ዕለት ቅመሟን ትታ ፎቶ ቤት ወሰደችን። ባለ ፎቶው የፕላስቲክ አበባ ቢሰጣት መለሰችለት። እኔም ሳቅ በዪ ብላት «ሲሄድ እያለቀስሁ ነው የሸኘሁት፤ የምን ሳቅ ነው?» አለችኝ። ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ፣ የአንገቷ ንቅሳት እንዲታይ ቀና ብላ ተነሣች። ፎቶው ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። ፀሐይ በማያገኘው በኩል፣ በሰው ቁመት ልክ ለጥፊው።

እኔ ክፉ ልማድ አይተወኝምና «እትዬ ፈንታነሽ፣ ሲለይሽ ልጅ ነበርሽ። ይቺን ሽበታም እንዴት አድርጎ ያውቃታል?» አልኋት።

«እናታችንን ወጥቻለሁ» አለችኝ። «እኔን ቢረሳ እናቱን አይረሳም።»

እናትሽ አምሳለች ጉንጭሽን ትስማለች፤ ወፍራም ጋቢ ልላክላት ስትል ድሬዳዋ መሆንሽን አስታውሼ አስተውኋት። ሥርጉት ነጠላዋን ዳግመኛ ለእኔ እንደማታውስ በአንቺ ፊት ይታወቅልኝ ብላለች፤ ሰላምታዋም ይኸው። ጋሼ ውበቴ ለፎቶው ያመሰግኑሻል፣ ልጆቻቸው ግን አባታቸውን በስልኩ ሽቦ መተረቡን አልተዉም። ገብረ ኪዳንና ቄስ አካለ ወልድ ከሞጣ ደህና ሁኚ ይሉሻል። ወይዘሮ ፈንታነሽም ሳታውቅሽ «ልጄ» ብላሻለች፤ ጠዋት መስኮቱን ስትከፍቺ አቧራዋን ጥረጊላት።

የሚወድሽ አጎትሽ
ይግዛው

ቢቸና፣ የካቲት ፲፰ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.