የገበሬዋን ስም አልሰርዝም ያሉት ተመራማሪ፦ የዶክተር መስታወት ባዩ የሕይወት ታሪክ

ዶክተር መስታወት ባዩ ከድጓ መምህሩ ከመሪጌታ ባዩ ቸሬና ከወይዘሮ ደጊቱ ሀብቴ፣ በጋይንት ቤተ ልሔም፣ ኅዳር 12 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ የገብስ አጨዳ በተጀመረበት ሳምንት ተወለዱ። እናታቸው «ይቺን ልጅ እሾህ ላይ ያስቀመጧት ይመስል አንድ ቦታ አትረጋም» ይሉ እንደነበር ታላቅ ወንድማቸው አቶ ቢሆነኝ ያስታውሳሉ።

ፊደል ከአባታቸው ተምረው፣ በንፋስ መውጫ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1977 ዓ.ም. አጠናቀቁ። በ1981 ዓ.ም. በእጽዋት ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አግኝተው በግብርና ምርምር ጣቢያ ተቀጠሩ። በ1985 ዓ.ም. ከአቶ ውቤ አዲስዓለም ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ፈጽመው ሐረገ ወይንንና ቃልኪዳንን ወልደዋል። በ1999 ዓ.ም. የዶክትሬት ዲግሪያቸውን እንደያዙ ወደ ዩኒቨርሲቲ መምህርነት ተዛወሩ።

በ2003 ዓ.ም. ለጥናት እስቴ ወረዱ። ከወረዳው ከተማ ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ፣ አፈሩ በአሲድ ተጎድቶ የጎረቤቱ ማሳ ሁሉ ሲቀጭጭ የአንዲት ሴት ገብስ ብቻ ቆሞ አገኙ። ባለማሳዋ ወይዘሮ ጌጤ ለአሥራ አምስት ዓመታት ክፉውን መሬት የቻለውን ዛላ ብቻ እየመረጡ ለዘር ሲያስቀሩ የኖሩ ገበሬ ናቸው። ሁለቱ አምስት መኸር አብረው ለኩ፣ መዘኑ። የጥናቱ ጽሑፍ ሲታተም የወይዘሮ ጌጤ ስም ሁለተኛ ሆኖ ሰፈረ።

በ2010 ዓ.ም. የፕሮፌሰርነት ማዕረግ ጥያቄያቸውን የመረመረው ኮሚቴ ሁለት ጉድለት አነሣ፦ ሥራቸውን የጠቀሱ ጽሑፎች አሥራ አንድ ብቻ መሆናቸውንና ፊደል ያልቆጠሩ ገበሬ ተባባሪ ጸሐፊ መሆናቸውን። ገና በኅትመት ላይ ባሉት ሁለት ጽሑፎች የወይዘሮ ጌጤን ስም ወደ ምስጋናው መስመር እንዲያወርዱ ተመከሩ። ዶክተር መስታወትም «ዘሩን የመረጡት እሳቸው፣ ልዩነቱን ያስተዋሉት እሳቸው። እኔ የለካሁት ነው። የእሳቸው ስም ከወረደ የእኔም አብሮ ይውረድ» ብለው መለሱ። ማዕረጉ ቀረ። አንድ ባልደረባቸው «እኔ እርስዎን ልጥቀስ፣ እርስዎም እኔን ይጥቀሱ፤ ቁጥሩ በዓመት ይሞላል» ቢሏቸውም አልተቀበሉም።

ይህ ማለት ግን ቁጥሩ አላሳሰባቸውም ማለት አይደለም፤ ቤተሰቡ ይህን አይደብቅም። በሚኒባስ ውስጥ፣ በፈተና መካከል፣ በሐረገ ወይን ሠርግ ዕለት ሳይቀር ከዳስ ወጥተው ስልካቸውን ከፍተው የጠቀሷቸው ስንት እንደደረሱ ያዩ ነበር። አቶ ውቤ «ገብስም ቢሆን በየሰዓቱ ስላዩት ቶሎ አይደርስም» ቢሏቸው ይስቁና ተመልሰው ያዩ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ስማዳ ገበያ ላይ አንዲት ሴት የምትሸጠውን ዘር አይተው ከየት እንዳገኘችው ጠየቋት። «የጌጤ ገብስ ነው፤ እህቴ እስቴ ስታገባ የመጣልን» አለቻቸው። የመስታወትን ስም በዚያ ገበያ የሚያውቅ አልነበረም። መጀመሪያ እንደከፋቸው ለባለቤታቸው አልሸሸጉም። በሳምንቱ ግን ያንን ዘር ማን ለማን እንደሰጠ ለማወቅ እንደገና መንገድ ጀመሩ። ሦስት ዓመት ከእስቴ ስማዳ፣ ከስማዳ ጋይንት፣ አንድ መቶ አርባ ቤት አንኳኩ። የጥናቱ ውጤት በ2015 ዓ.ም. በሁለቱ ስም ታተመ፤ ከሌሎቹ ሥራዎቻቸው ሁሉ ይልቅ የተጠቀሰውም ይኸው ሆነ። በ2016 ዓ.ም. ማዕረጉን ዳግም ጠየቁ። ምላሹ እስካሁን አልመጣም።

በኅዳር 2017 ዓ.ም. በጉበት ሕመም አልጋ ያዙ። ስልክ መያዝ ሲያቅታቸው ቃልኪዳን አዲስ የጠቀሷቸውን ጽሑፎች ታነብላቸው ጀመር። ቁጥሩን ልትነግራቸው ስትል «ቁጥሩን ተይው፤ እነማን እንደሆኑ ንገሪኝ» አሏት። ስሞቹን አንድ በአንድ አነበበች። አንዱ ወጣት ተመራማሪ ግን ይህ ገብስ የአፈሩን አሲድ የሚያበርደው ኖራ ሳይጨመር ይበቅላል ብለዋል ሲል ጽፎ ነበር። ከትራሳቸው ቀና ብለው «ኖራ ይቀንሳል አልን እንጂ አያስፈልግም መች አልን? ጻፊለት፤ ልጁ ገበሬ ያሳስታል» አሉና ደብዳቤውን አስጻፉ። በግርጌው የወይዘሮ ጌጤም ስም እንዲገባ አዘዙ። በሁለተኛው ቀን፣ ጥቅምት 7 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ58 ዓመታቸው ዐረፉ። የወጣቱ መልስ የደረሰው በማግስቱ ነው፤ ስሕተቱን አርሟል።

ዶክተር መስታወት ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንድ የልጅ ልጅና ወንድማቸውን ትተው ዛሬ በትውልድ ደብራቸው ያርፋሉ። የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ ነፍሳቸውን ከጻድቃን ጉባኤ ይደምርልን፤ የቀረነውንም ያጽናናን። አሜን።