«ተስፋ ተመልሷል» ተብሎ መንገድ ዳር ስለተሰቀለው ፊቴ

ለክቡር ዶክተር ሃርላን ዊትከም
የፌርሎው ኮሌጅ የስፖርት ዳይሬክተር
ፌርሎው፣ ኢንዲያና

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ደህንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። በተለይ የወገብዎ ነገር ያሳስበኛል። ባለፈው ዓመት በየጨዋታው ከአሰልጣኙ ወንበር ፈንጠር ብለው፣ የቅርጫት ኳስ ቡድናችን ሲሸነፍ ከፎቶው ለመውጣት፣ ሲያሸንፍ ደግሞ ፎቶው ውስጥ ለመግባት በሚያመች ቦታ፣ ግማሽ ሰውነትዎን ወደ በሩ፣ ግማሹን ወደ ሜዳው አዙረው ሲቆሙ እያየሁ፣ እንዲህ ያለው አቋቋም ለወገብ አይበጅም ብዬ ስሰጋ ነበርና። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል፤ ስለ ጉልበቴ ግን ወደ ታች ብዙ ስለምናገር አሁን አላሰለችዎትም።

ስሜ ዌንዴል ክራይደር ይባላል። በጡረታ የምኖር የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ስሆን፣ የልጅ ልጆችም አሉኝ። በስሜ ላያውቁኝ ይችላሉ፤ በፊቴ ግን እንደሚያውቁኝ እርግጠኛ ነኝ። ከከተማው መውጫ ላይ፣ ከእህል ጎተራዎቹ ማዶ፣ የቤት ጣሪያ በሚያህል ሰሌዳ ላይ ሰቅለውኛልና። የቡድናችንን፣ የጃርቶቹን፣ እሾሃማ ኮፍያ ደፍቶ፣ እጆቹን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ የመጨረሻው መንጋጋው እስኪታይ ድረስ አፉን የከፈተው ሽማግሌ እኔ ነኝ። ከበላዬ «ተስፋ ተመልሷል!» ይላል። ከበታቼ የዓመት ቲኬት የሚሸጥበት ስልክ ቁጥር አለ። የከተማው ሰው ሁሉ ሰሌዳዎን ስላነበበ፣ መልሴንም ሁሉም እንዲያነበው ብዬ በጋዜጣ ማውጣቴን በትልቅ ልብዎ ይቅር እንደሚሉኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ተስፋ የምታድሉት እናንተ ናችሁና።

ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። ለአምስት ዓመታት የጃርቶቹ ዋና አሰልጣኝ የነበረው ከርት ሆልድረን የልጄ የሎረል ባል መሆኑን ያውቃሉ። ባለፈው የጸደይ ወራት እሱን ሲያሰናብቱት ቢሮዎ ድረስ ጠርተው እንዳያደክሙት በማሰብ በስልክ የነገሩትን ደግነት ቤተሰባችን አይረሳውም። ያን ጊዜ ከርት ለተጫዋቾቹ የዓመት መዝጊያ ጥብስ ሥጋ ሊገዛ ሱፐርማርኬት ውስጥ ተራ ይዞ ነበር። ስልኩን ዘግቶ ሥጋውን ገዛ፤ ቤቱ ገብቶም ልጆቹን አበላ። አንዳቸውም ሳያውቁ በልተው፣ አመስግነው ሄዱ። በማግስቱ በድረ ገጻችሁ ላይ «ከርት ምንጊዜም የቤተሰባችን አባል ነው» ብለው ስለጻፉለትም አመሰግናለሁ። ቤተሰብ በሱፐርማርኬት ተራ ላይ እንደሚሰናበት የተማርነው ከእርስዎ ነው።

በዚያው ሳምንት እኛ፣ ማለትም የእርስዎ ያልሆንነው ቤተሰብ፣ በሎረል ወጥ ቤት ተሰብስበን፣ ከእንግዲህ ማናችንም እዚያ አዳራሽ ውስጥ እግራችንን ላናስገባ ተማማልን። ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ጠረጴዛውን በቡጢ የመታሁትም እኔ ነኝ። ሎረል ግንባሬን ሳመችኝ።

ሁለተኛ። ይህ ከሁሉ የከፋው ነው። በከርት ቦታ መጥፎ ሰው ይቀጥራሉ ብዬ ሙሉ በሙሉ ተማምኜብዎት ነበር። ጫማው የሚያብለጨልጭ፣ ስለ ራሱ ብቻ የሚያወራ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ትልቅ ኮሌጅ የሚኮበልል አንድ ትዕቢተኛ ፈልገው እንደሚያመጡ፣ እኔም በሰላም ስጠላው ቀሪ ዘመኔን እንደምጨርስ አልተጠራጠርኩም። እርስዎ ግን ከእርስዎ በማይጠበቅ ሁኔታ ቴረንስ ፕራየርን አመጡ። ሰውየው በመጣ በመጀመሪያው ሳምንት አደባባዩ ላይ ያለው ምግብ ቤት ገብቶ፣ ከዳቦው በእጥፍ የሚሰፋውን የአሳማ ሥጋ ሳንድዊች እስከ መጨረሻው በላ፤ የአስተናጋጇንም ስም ጠይቆ በሚቀጥለው ቀን በስሟ ጠራት። ለጋዜጣው «እነዚህ ልጆች እኔ ከመምጣቴ በፊት በደንብ የተማሩ ናቸው» ብሎ ተናገረ። ክቡር ሆይ፣ እንዲህ ያለውን ሰው በምን ልጥላው? አንድን ጨዋ አማች ከሥራ ማባረር አንድ ነገር ነው፤ የሚጠላ ተተኪ አለማዘጋጀት ግን የአስተዳደር ጉድለት ነው።

ከዚያ በኋላ የከተማውን ሰው ማን ይቻለው? ፀጉር አስተካካዩ ጋ ሲሄዱ «ዘንድሮ» ነው። ነዳጅ ማደያው ጋ «ዘንድሮ» ነው። ቄሳችን ጨዋታ ባለበት እሑድ ስብከቱን እያሳጠሩ፣ ምእመናኑን «በተስፋ ሂዱ» ብለው ሲያሰናብቱ ስለ መንግሥተ ሰማይ እየተናገሩ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ብቻ ኩርፊያዬን ታቅፌ ቤቴ ቀረሁ። ቀርቼም ነበር፣ ቬልማ ሃንት ባትደውል ኖሮ። ቬልማ በአዳራሹ ውስጥ ከዘመናት ጀምሮ ከጎኔ የምትቀመጥ፣ አንደበቷ ከጉልበቴ የባሰ የሚያም መበለት ናት።

«አንተ ሽማግሌ፣ ወንበርህ ላይ ካፖርቴን አስቀምጬልሃለሁ» አለችኝ። «ና፣ አለዚያ የጥርስ ሐኪሙን አስቀምጥበታለሁ።»

«ምያለሁ ቬልማ።»

«ማልክ እንጂ አልሞትክ! ባለፈው ዓመት ‹ሆልድረን ይውጣ› እያለ ሲያንባርቅ የነበረው ያ ጥርስ ሐኪም አንተ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲፈነድቅ ዝም ብለህ ታያለህ?»

ሄድኩ። ለአንድ ቀን፣ ወንበሬን ለማስከበር ብቻ ብዬ ነበር የሄድኩት። ለሎረል ግን ሐኪሙ ለጉልበቴ በሞቀ ውኃ ገንዳ ውስጥ እንቅስቃሴ እንዳዘዘልኝ፣ ሕክምናውም በአጋጣሚ የጃርቶቹ ጨዋታ ባለባቸው ምሽቶች ላይ እንደዋለ ነገርኳት። በዕድሜ የገፋ ሰው ሲዋሽ ጥንቁቅ መሆን አለበት፤ ወደ ቤት ከመመለሴ በፊት ፎጣዬን በአዳራሹ መጸዳጃ ቤት ቧንቧ እያራስኩ እይዝ ነበር። ሎረል ያን እርጥብ ፎጣ ከእጄ ተቀብላ፣ «ጎበዝ አባዬ» እያለች ታሰጣልኝ ነበር። ከጉልበቴ ይልቅ ያመኝ የነበረው ይህ ነው።

በአዳራሻችን፣ እርስዎ ከሌላ ቦታ ስለመጡ ምናልባት ልብ ካላሉት፣ ቡድናችን የመጀመሪያዋን ቅርጫት እስኪያስገባ ድረስ ሁላችንም ቆመን እናጨበጭባለን እንጂ አንቀመጥም። በከርት ጊዜ ይህች ልማድ ብዙ ጉልበት ፈጅታለች። አንድ ጊዜማ ቬልማ ቆማ ሳንድዊቿን አውጥታ፣ በልታ፣ አፏን ጠርጋ ጨርሳም ገና አልተቀመጥንም ነበር። አሁን ግን ጃርቶቹ ኳሷን እንደያዙ ያ ግራኙ ረጅም ልጅ፣ ኢስተን ግሪር፣ ከማዕዘን ይወረውራታል፤ እኛም ተነስተን ሳንረጋ እንቀመጣለን። ግሪርን ከእርሻ መንደሩ፣ እንደ መጥረጊያ እጀታ ቀጥኖ ሳለ፣ ማንም ሳይፈልገው ያመጣው ከርት ነው። ይህን እያወቅሁ አጨበጨብኩ። ይህን እያወቅሁ ጮህኩ። በሁለተኛው ጨዋታ ኮፍያውን ገዛሁ።

ሦስተኛ። ቅሬታዬ በፎቶ አንሺዎ ላይ ነው። ሙያውን አደንቃለሁ፤ ማስፈቀድ የሚባለውን ሥነ ሥርዓት ግን ቢማር አይጎዳውም። በዓመቱ ትልቁ ድላችን፣ ግሪር በመጨረሻዋ ሰከንድ ሲያስገባት፣ እኔ የማደርገውን በማላውቅበት ቅጽበት አነሳኝ። እርስዎም በከተማው ውስጥ ካሉት መንገዶች ሁሉ መርጠው፣ ሎረል ወደምትሠራበት ክሊኒክ በሚወስደው ላይ ሰቀሉኝ። ልጄ ጠዋት ስትሄድ ከፊት ለፊት፣ ማታ ስትመለስ በመስታወቷ ታየኛለች።

በመጀመሪያው ቀን ከመኪናዋ ሆና ደወለችልኝ።

«አባዬ፣ ጉልበትህ እንዴት ነው?»

«እያገገመ ነው ልጄ፣ ተመስገን።»

«ገንዳውስ? ብዙ ሰው አለ?»

«ደህና ሰው አለ።»

«ሰሌዳው ላይ ከኋላህ አየሁት እኮ» አለች። «ስምንት ሺህ የሚሆን ይመስላል። ሁሉም ልብሱን እንደለበሰ ነው የሚዋኘው?»

እሷም ሳትጮህ፣ ሳትሳደብ ስልኩን ዘጋችው። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ለብዙ ቀናት አልደወለችም፤ የልጅ ልጆቼም እሑድ እሑድ መምጣት አቆሙ።

አራተኛ ብዬ የምጽፈው በእርስዎ ላይ ያለኝ ቅሬታ አይደለም፤ ከዚህ በኋላ የምለምንዎ ነገር እንዲገባዎት ነው የምነግርዎ።

ከርት እኔ ጋ ያስቀመጠውን መሰላል ሊወስድ ቤቴ መጣ። እሱ አሁን በሚልቨርን፣ አንድ ትንሽ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ የሴቶች ቡድን ያሠለጥናል። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«አባባ፣ ግሪር ሲወረውር አሁንም ክርኑን ወደ ውጭ ይከፍታል?»

«አይከፍትም። ሰብስቦታል።»

«ጎሽ የኔ ልጅ!» አለና ጠረጴዛውን መታ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ስለምነው ነበር እኮ!»

እውነተኛ ደስታ ነበር። ያ ነው ያሳፈረኝ። «አልተቀየምከኝም?» አልኩት።

«ጨዋታ በማየትህ? ሂድ ወደዚያ!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ መሰላሉን ተሸክሞ በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። «ሰሌዳውን መኪናዬን አቁሜ ነው ያየሁት።»

«ነገውኑ አስነሳዋለሁ።»

«እሱን አይደለም የምለው። አምስት ዓመት ሙሉ ከኋላዬ ነበር የምትቀመጠው፤ ዞር ባልኩ ቁጥር አይሃለሁ። እንዲህ ያለ ፊት አንድ ቀን እንኳ አሳይተኸኝ አታውቅም።»

ወቀሳ አልነበረም፤ የገረመውን ነገር ነው የነገረኝ። መሰላሉን መኪናው ላይ አስሮ ሄደ።

ክቡር ሆይ፣ ነገሩን ሳስበው ከርት እውነቱን ነው። በእሱ ጊዜ የሳተች ኳስ ሁሉ የልጄ ጣሪያ ላይ የምትወርድ ድንጋይ ትመስለኝ ነበር። ስናሸንፍ እንኳ «እሰይ!» ማለት አይመጣልኝም፤ «ዛሬም ተረፈ» ነበር የምለው፣ የወንበሬን ጠርዝ ጨምድጄ። ፕራየር ግን ቢሸነፍ ቤቴ ገብቼ ሾርባዬን ጠጥቼ እተኛለሁ፤ የእሱ ነገር የሚያሳስባቸው አማት ካሉ እሳቸው ይጨነቁ። ስለዚህ ለማላውቀው ሰው ደስታዬን ሁሉ ሰጠሁት፤ ለልጄ ባል ደግሞ ጭንቀቴን ብቻ። ሰውየው ወደ ኋላ ዞር የሚለው ብርታት ሊፈልግ ይሆናል፤ የሚያየው ግን የቀብር ላይ ፊቴን ነበር። ይህን እርስዎ አላደረጉትም። ጥፋቱን ለእርስዎ ልሰጠው ብሞክርም አልሆነልኝም።

የሚመጣው ቅዳሜ ጃርቶቹ ከጎረቤታችን ባላንጣ ጋር ይጫወታሉ፤ አዳራሹም ጢም ብሎ ይሞላል። በዚያው ምሽት የሚልቨርን ልጃገረዶችም ጨዋታ አላቸው። እነሱ እስካሁን አንድ ጨዋታ እንኳ አላሸነፉም። ቬልማን አማከርኳት፤ «አበድክ እንዴ? በዚህ ቀን?» ብላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው፤ ወዲያው መልሳ ደውላ ደግሞ «እዚያስ የሚበላ ነገር ይሸጣል?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ ድፍረቴን ሰብስቤ ለሎረል ደወልኩ።

«ሚልቨርን ልሄድ ነው። ከከርት ወንበር ኋላ መቀመጥ እፈልጋለሁ።»



«በማታ አትነዳም፤ እኔ እወስድሃለሁ» አለች። «ዳኛ ግን አትሳደብም።»

«ካልተሳሳተ።»

«አባዬ!»

«እሺ።»

እንግዲህ ልመናዬ አንዲት ናት። ካሳ አልጠይቅም፤ ፎቶ አንሺዎም እንዲቀጣ አልሻም። አሰልጣኝ ፕራየርንም በርቱ ይበሉልኝ፤ ሰውየውን ጠልቼ ለመጨረስ ያደረግሁት ጥረት አልተሳካም። ሰሌዳው ላይ የሚሰቅሉት ሌላ ደስተኛ ሰው አያጡም፤ ጥርስ ሐኪሙ ጥሩ ጥርስ አለው። እስከ ዓርብ ድረስ ግን ፊቴን እንዲያወርዱልኝ በትሕትና እለምናለሁ፤ ለቅዳሜ ያስፈልገኛል።

በፊትዎ ዝቅ ብዬ፣ ጉልበቴ እስከሚፈቅድልኝ ድረስ ብቻ፣ እጅ የምነሳ፤ የጃርቶቹ የድሮ፣ የሚልቨርን ልጃገረዶች ደግሞ አዲስ ደጋፊ፣

ዌንዴል ክራይደር

ማስታወሻ፦ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ያለው ወሬ ከአሰልጣኝ አልፎ፣ አዲስ የስፖርት ዳይሬክተር ቢመጣ ደግሞ እንዴት እንደምንሆን ወደሚለው መሸጋገሩን ሳሳውቅዎ በታላቅ ኀዘን ነው። ሕዝቡ በጣም ተስፋ አድርጓል። እኔ ግን አይዞዎት፤ አዳራሹ ሁሉ በከርት ላይ ሲጮህ ለከርት እንዳደረግሁለት ሁሉ፣ ለእርስዎም ከኋላ ወንበር ተቀምጬ፣ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ እየተከላከልኩልዎ ነው።